አዲስ የፕሮግራም አጻጻፍ ስልት ለጥገና ይመች እንደሆነ እንዴት ይመዘናል?

ከቃሊቲ ወደ ገላንና ዱከም፣ ከአየር ጤና ወደ ሰበታ፣ ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስዱት መንገዶች ዳር ለሚገኙ ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖች፣ ክሊኒኮችና የቁጠባና ብድር ማኅበራት ፕሮግራም የሚሠሩ አነስተኛ ቡድኖች ሥራቸው ከሞላ ጎደል ጥገና ነው። የደመወዝ ወይም የንብረት መቆጣጠሪያ ፕሮግራሙ በጥቂት ወራት ተጽፎ ሥራ ላይ ይውላል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የሚሠራው ሕግ ሲለወጥ ማስተካከል፣ የተዛባውን መፈለግ፣ የሂሳብ ሠራተኛዋ የጠየቀችውን አንድ ዓምድ ሪፖርቱ ላይ መጨመር ነው። ይሁን እንጂ አዲስ የአጻጻፍ ስልት ብቅ ባለ ቁጥር የሚነሣው ክርክር ስለ መጻፍ ብቻ ነው፤ ኮዱ ምን ያህል እንዳጠረ፣ የመጀመሪያው ገጽ በስንት ሰዓት እንደተጠናቀቀ ይወራል። ጸሐፊው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ከሄደ በኋላ፣ በሦስተኛው ዓመት ለውጥ ሲመጣ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህ መመሪያ ያንን ጥያቄ ሦስትና አራት ሰው ባለው ቡድን አቅም ለመመለስ የሚቻልበትን መንገድ ያሳያል። አዲስ ስልት ሲባል እዚህ ላይ የመረጃ ዓይነቶችን አስቀድሞ በጥብቅ ማወጅን፣ ፈንክሽናል አጻጻፍን (ሥራውን ግብዓት ተቀብለው ውጤት በሚመልሱ ፈንክሽኖች ሰንሰለት መጻፍን)፣ አስፔክት ተኮር አጻጻፍን (በብዙ ክፍሎች የተበተነን ጉዳይ በአንድ ቦታ ጽፎ በሌሎቹ ላይ ማሳረፍን)፣ ፕሮግራምን ለየብቻ ወደሚሠሩ ትናንሽ አገልግሎቶች መከፋፈልን እና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳትነት መጻፍን ያጠቃልላል። አካሄዱ ለሁሉም አንድ ነው፦ ስልቱ የሚፈተነው በእርስዎ ፕሮግራም ላይ በእርግጥ በደረሱ ለውጦች ሲሆን፣ ለውጡንም የሚያካሂደው ኮዱን ያልጻፈ ሰው ነው።

ለውጦቹ ከየት ይገኛሉ?

ምዘናው የሚጀምረው ከኮዱ ሳይሆን ከለውጦቹ ነው። ባለፉት አራት ወይም አምስት ዓመታት ፕሮግራሙ ላይ የቀረቡትን የለውጥ ጥያቄዎች በሙሉ ይሰብስቡ። ኮዱ በጊት (የኮድን ለውጦች ታሪክ በሚይዝ መሣሪያ) ተይዞ ከሆነ ታሪኩ ብዙ ይነግርዎታል፤ ነገር ግን ጊት ላይ የሚገኘው የተሠራው እንጂ የተጠየቀው አይደለም፣ «ተስተካክሏል» ከሚል ማስታወሻ ጀርባ ምን እንደነበረም ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የፋይናንስ ክፍሉ የጻፈውን ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ፣ የቴሌግራም መልእክቱንና የድምፅ ቅጂውን ጭምር ይመልከቱ፤ በእኛ አካባቢ ትክክለኛው የጥገና መዝገብ ብዙ ጊዜ ያለው ቴሌግራም ውስጥ ነው።

የተሰበሰበውን ለመለየት በርተን ስዋንሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበው ክፍፍል ዛሬም ይሠራል፦ ስህተትን ማረም፣ ፕሮግራሙን ከተለወጠ አካባቢ ጋር ማስማማት፣ ደኅና የሚሠራውንም ይበልጥ ማሻሻል። በኋላ የወጣው ዓለም አቀፍ የጥገና ደረጃ ችግር ከመድረሱ በፊት የሚደረገውን የመከላከል ጥገና ጨምሮበታል። ክፍፍሉ የሚጠቅመው አንድ ስልት ለአንዱ ዓይነት ረድቶ ለሌላው ላይረዳ ስለሚችል ነው። የደመወዝ ፕሮግራም ከሆነ ክምሩ ወደ ማስማማት ማድላቱ አይቀርም።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚሠራ ቡድን ያለፉት ዓመታት በምሳሌ የበለጸጉ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ሲቋቋም አሥር የነበሩት የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አሥራ አንድ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች መሆናቸው ቀርቶ በአንድ ከተማ ሥር ገቡ፤ «ከተማ» በሚለው ሳጥን ውስጥ «ሰበታ» ተብሎ የተሞላው አድራሻ ሁሉ በአንድ ደረጃ ዝቅ ማለት ነበረበት። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ሲጀምር፣ በ09 ያልጀመረ ስልክ ቁጥር አልቀበልም የሚል ማረጋገጫ የነበረው ፕሮግራም በ07 የሚጀምረውን ደንበኛ መመለስ ጀመረ። ሦስቱም ትንሽ ይመስላሉ፤ ለምዘና የሚመረጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፣ ኮዱ ውስጥ ግን ስንት ቦታ እንደተበተነ ማንም አያውቅም።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው የሥራ ግብር ለውጥ ነው። በቀድሞው ሠንጠረዥ እስከ 600 ብር ያለው ወርሃዊ ደመወዝ ከግብር ነጻ ሆኖ፣ ከዚያ በላይ ያለው ከ10 እስከ 35 በመቶ በሚደርሱ ስድስት እርከኖች ይከፈልበት ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው ማሻሻያ ነጻው መጠን ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል የ10 በመቶው እርከን ተሰርዞ ከ15 እስከ 35 በመቶ ያሉት አምስቱ ብቻ ቀጠሉ። ብዙ ፕሮግራሞች ደግሞ ግብሩን የሚያሰሉት የሂሳብ ሠራተኞች በሚያውቁት አቋራጭ፣ ደመወዙን በመቶኛው አባዝቶ ቋሚ ተቀናሽ በመቀነስ ነው። 60፣ 142.50፣ 302.50፣ 565፣ 955 እና 1,500 የሚሉት ቁጥሮች በስሌቱ ኮድ፣ በሪፖርቱ፣ ወደ ኤክሴል በሚወጣው ፋይል ቀመር ውስጥ ሳይቀር ሊገኙ ይችላሉ፤ በአዲሱ ሠንጠረዥ ቦታቸውን 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ይወስዳሉ። ለማመሳከሪያ ያህል፣ የ10,000 ብር ደመወዝ ግብር በቀድሞው 2,045 ብር ሲሆን በአዲሱ 1,650 ብር ነው።

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት መጠኑ ብቻ ሳይሆን የእርከኑም ብዛት መለወጡ ነው። ቁጥሮቹን በጥንቃቄ ለይቶ በማስተካከያ ፋይል ያስቀመጠ ፕሮግራም እንኳ፣ እርከኖቹ ስድስት እንደሆኑ በሌላ ቦታ ገምቶ ከተጻፈ፣ ከችግሩ አያመልጥም። በዚያ ላይ የአለፈው ዓመት ደመወዝ ለኦዲት እንደገና ሲታተም በወቅቱ በነበረው ሠንጠረዥ መታተም ስላለበት፣ ጥያቄው አሮጌውን በአዲስ መተካት ሳይሆን አዲሱን ከሚጸናበት ቀን ጋር መጨመር ይሆናል። ጊዜ ካነሰዎት ይህን አንዱን ብቻ በአሮጌውም በአዲሱም አጻጻፍ ላይ ይሞክሩት፤ ከብዙ ንድፈ ሐሳብ ይበልጣል።

ሁለት ዓይነት ለውጦች ከምርጫው እንዳይቀሩ። የመጀመሪያው ፕሮግራሙን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው ነው፤ ለምሳሌ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሠራተኛ «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ ይገኝ የሚለው ጥያቄ፣ ሀ ከሐና ከኀ፣ ሰ ከሠ፣ አ ከዐ፣ ጸ ከፀ ጋር እንዲመሳሰሉ ስለሚጠይቅ፣ ፍለጋውን ብቻ ሳይሆን የድግግሞሽ ማጣሪያውንና የስም ቅደም ተከተሉን ሁሉ ይነካል። ሁለተኛው ገና ያልደረሰ፣ መምጣቱ ግን የማይቀር ነው። ጳጉሜን 6 ቀን የነበረችው በ2015 ዓ.ም. ሲሆን ቀጥሎ የምትሆነው በ2019 ዓ.ም. ነው፤ በመካከል የተጻፈ ፕሮግራም ሥራ ላይ ሆኖ እንዲህ ያለ ዓመት አላየም።

ከክምሩ ከስድስት እስከ አሥር ያህል ይምረጡ። አዲሱን ስልት የሚያስተዋውቁት ሰዎች በሚያቀርቡት ዓይነት ምሳሌ ላይ ብቻ መመሥረት ውጤቱን አስቀድሞ መወሰን ስለሆነ፣ ስልቱ ይሰናከልበታል ብለው የሚጠረጥሩትን ቢያንስ ሁለት ያካትቱ።

ይህ አካሄድ ሥሩ የቆየ ነው። ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ አንድን የማውጫ ማዘጋጃ ፕሮግራም በሁለት መንገድ ከፋፍሎ አሳይቷል፤ አንዱ ክፍፍል የሥራውን ቅደም ተከተል ሲከተል፣ በሌላው እያንዳንዱ ክፍል ሊለወጥ የሚችል አንድ ውሳኔ ይደብቃል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ልዩነታቸው የታየው ሊለወጡ የሚችሉትን ውሳኔዎች ዘርዝሮ እያንዳንዱ ሲለወጥ ስንት ክፍል እንደሚነካ በመጠየቁ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ማንኛውንም ስልት በዚያው ጥያቄ ማፋጠጥ ይቻላል።

ለሙከራ የሚጻፈው ክፍል

ፕሮግራሙን በሙሉ እንደገና መጻፍ አያስፈልግም። ጠባብ ሆኖ ከላይ እስከ ታች የሚዘልቅ አንድ የሥራ መስመር ይምረጡ፤ ለምሳሌ የአንድ ወር ደመወዝ ከመገኛ ሰዓት መዝገብ ተነሥቶ፣ የሥራ ግብሩ፣ 7 በመቶው የሠራተኛ የጡረታ መዋጮና 11 በመቶው የአሠሪ መዋጮ ተሰልቶ፣ እስከ ፔሮል ኅትመት የሚሄድበትን መንገድ። መነሻው የዛሬው ኮድ ሳይሆን የተመረጡት ለውጦች ከመግባታቸው በፊት የነበረው ነው፤ ጊት ካለ ወደዚያ ቀን መመለስ ቀላል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ምዘና የሚበላሽባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በአዲሱ ስልት የሚጽፈው ሰው የትኞቹ ለውጦች እንደተመረጡ ማወቅ የለበትም። ካወቀ ሳያስበውም ቢሆን ለእነርሱ በር ከፍቶ ይጽፋል፤ ያኔ የተለካው የጸሐፊው ቅድመ ዕውቀት እንጂ ስልቱ አይሆንም። ለውጦቹን የመረጠው ሰው ዝርዝሩን ለብቻው ይያዝ፤ ጸሐፊው ያለፈውን ታሪክ የሚያውቅ የቡድኑ ነባር አባል ከሆነ ደግሞ ከሚያውቀው ውጪ ያሉ ለውጦች ይብዙ።

ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው። ማንኛውም ሰው አንድን ፕሮግራም ሁለተኛ ጊዜ ሲጽፈው፣ በምንም ስልት ይሁን፣ ከመጀመሪያው የተሻለ ይጽፈዋል፤ ደንበኛው ምን እንደሚፈልግ አሁን ያውቃልና። ስለዚህ አሮጌውን ኮድ ከአዲሱ ጋር በቀጥታ ማወዳደር እንደገና መጻፍ ያስገኘውን ጥቅም ለስልቱ መስጠት ነው። መፍትሔው በሁለት ፈንታ ሦስት ነገር ማወዳደር ነው፦ አሮጌው እንዳለ፣ አሮጌው በራሱ ስልት ተጠርጎና ተደራጅቶ፣ እና አዲሱ። ለጠረጋው የሚሰጠው ሰዓት አዲሱን ለመጻፍ ከተሰጠው ጋር እኩል ይሁን። የተጠረገው አሮጌ ኮድ ከአዲሱ ጋር ተመጣጣኝ ውጤት ካሳየ፣ ቡድኑ የሚያስፈልገው አዲስ ስልት ሳይሆን ለጥቂት ሳምንት የጽዳት ጊዜ ነበር ማለት ነው። በእኔ ግምት ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ የተጠረገው አሮጌ ኮድ ነው፤ ምክንያቱም የቆየ ኮድ ለመጥረግ የሚጓጓ ወጣት ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ለውጡን ማን ያካሂደው፣ ምንስ ይመዝገብ?

ለውጦቹን የሚያካሂዱት ከሚወዳደሩት ኮዶች አንዱንም ያልጻፉ ሰዎች ይሁኑ። ከዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችና በቅርቡ የተቀጠሩ ምሩቃን ለዚህ ተስማሚ ናቸው፤ በእርግጥም ኮዱን ነገ የሚረከቡት እነርሱ ናቸው። ለአዲስ ተቀጣሪ ከሚሰጥ ሥልጠና የበለጠም ያነሰም አይስጧቸው። አንድ ሰው ያንኑ ለውጥ ከአንድ በላይ ኮድ ላይ ቢሠራ ከሁለተኛው ጀምሮ መልሱን ስለሚያውቅ፣ ሁሉም ከተለያየ ኮድ እንዲጀምሩ ተራውን ያፈራርቁ፤ ሰው ከበቃ ደግሞ አንዱን ለውጥ በአንዱ ኮድ ላይ ብቻ ይሥሩ።

ከሚመዘገበው ውስጥ ቀዳሚው፣ ጥያቄው ከተነበበበት ሰዓት አንሥቶ የመጀመሪያው ትክክለኛ ቦታ እስኪገኝ ያለው ጊዜ ነው። በጥገና ላይ ጽሑፉ ትንሽ፣ ንባቡ ብዙ ስለሆነ ይህ ቁጥር ከጠቅላላው ሰዓት ይልቅ ይናገራል። ቀጥሎ የተነኩት ፋይሎች ብዛትና ርቀታቸው ይመዝገብ፤ በአንድ ማኅደር ውስጥ ያሉ አምስት ፋይሎችና በአምስት ማኅደር የተበተኑ አምስት ፋይሎች እኩል አይደሉም። ሠራተኛው ለጸሐፊው ያቀረበው ጥያቄም ይቆጠር፣ ይጻፍም፤ ጸሐፊው በሌለበት ቀን እያንዳንዱ ጥያቄ ሥራ የሚቆምበት ቦታ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የተረሳው ቦታ ነው። ለውጡ ሊደርስበት ሲገባ ያልደረሰበትን ቦታ ሁሉ ይመዝግቡ፣ ከጎኑም ማን እንዳገኘው ይጻፉ፦ ፕሮግራሙ ገና ሲገነባ መተርጎሚያው (የተጻፈውን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው መሣሪያ) ከልክሏልን? አውቶማቲክ ፍተሻው ይዞታልን? የሂሳብ ሠራተኛዋ ፔሮሉን ስታመሳክር አግኝታዋለችን? ወይስ ደመወዙ የጎደለበት የማሽን ኦፕሬተር በክፍያ ቀን መጥቶ ነው የታወቀው? አራቱ በዋጋ ከሰማይና ከምድር ይራራቃሉ። ሁለት ስልቶች እኩል ሦስት ሦስት ቦታ ቢያስረሱ፣ አንዱ ሦስቱንም ከግንባታ በፊት ካሳየ ሌላው ደግሞ ሦስቱንም ለክፍያ ቀን ካስተላለፈ፣ ውጤቱ ተለይቷል።

ሦስት ወይም አራት ሰው የሠራውን በአማካይ ማስላት ትርጉም የለውም። በአማካዩ ፈንታ እያንዳንዱ ሰው የሄደበትን መንገድ ያንብቡ። ሲሠሩ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ይጠይቋቸው፣ ከጎን ሆነው በደብተር ይያዙ፤ «ይህ ከየት ነው የሚጠራው?» እያሉ አምስት ፋይል ከፍተው ወደ መጀመሪያው ከተመለሱ፣ ችግሩ ያለበት ቦታ ተጠቁሟል።

የቆዩ መለኪያዎች ለምን ያሳስታሉ?

ኮዱን ለመሣሪያ ሰጥቶ ቁጥር መቀበል ቀላል ስለሆነ ፈታኝ ነው። ቶማስ ማኬብ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበው የውስብስብነት መለኪያ በአንድ ፈንክሽን (አንድ ሥራ በሚሠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ ያሉትን የመንገድ መገንጠያዎች ይቆጥራል፤ ቺዳምበርና ኬሜረር በ1994 ያቀረቧቸው መለኪያዎች ደግሞ በክላሶች (መረጃንና የሚሠራበትን ኮድ አንድ ላይ በያዙ ክፍሎች) መካከል ያለውን ትስስር ይለካሉ። ሁለቱም በጊዜያቸው ለነበረው አጻጻፍ የተቀረጹ ናቸው። የግብር ስሌቱን ከተደራራቢ «ይህ ከሆነ» ወደ ሠንጠረዥ ቢያዛውሩት የማኬብ ቁጥር ወዲያው ይወርዳል፤ ውስብስብነቱ ግን አልጠፋም፣ መሣሪያው ወደማያየው መረጃ ውስጥ ተዛውሯል እንጂ። አስፔክት ሲገባ ክላሶቹ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ይመስላሉ፤ ትስስሩ ግን ከጀርባ አለ። ፕሮግራሙ ወደ ትናንሽ አገልግሎቶች ሲከፋፈልም እያንዳንዱ አገልግሎት ለብቻው ሲለካ ያማረ ቁጥር ያወጣል፤ የከበደው ነገር ሁሉ በአገልግሎቶቹ መካከል ባለው መስመር ላይ ነው። ስለዚህ እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ስልት የተጻፈን ኮድ ከትናንት ሁኔታው ጋር ለማወዳደር ይጠቀሙባቸው፤ ሁለት ስልቶችን ለማወዳደር ግን አይበቁም።

በየስልቱ ውስጥ ምን መፈለግ ይገባል?

የመረጃ ዓይነትን አስቀድሞ የሚያሳውጅ አጻጻፍ ጥንካሬው የተረሳውን ቦታ ማጋለጥ ነው። ክፍለ ከተሞች እንደ ተራ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ዝግ ዝርዝር ከታወጁና እንደ ክፍለ ከተማው የተለያየ ሥራ የሚመርጥ እያንዳንዱ የኮድ ቦታ ሁሉንም እንዲያስተናግድ ከተገደደ፣ ለሚ ኩራን ዝርዝሩ ላይ መጨመር ብቻውን የሚነኩትን ቦታዎች ሁሉ በስህተት መልእክት ያስወጣል። ይህ ለጥገና ትልቅ ነገር ነው። ደካማ ጎኑ ያለው ድንበር ላይ ነው፤ ታይፕስክሪፕትን የመሰለ ቋንቋ የታወጁትን ዓይነቶች ከተረጎመ በኋላ ስለሚያስወግዳቸው፣ ከዳታቤዝ ወይም ከኤክሴል የሚመጣ የተሳሳተ መረጃ ሳይጠየቅ ይገባል። ስለዚህ በሙከራው ወቅት የተበላሸ የኤክሴል ፋይል ሆን ብለው ያስገቡ፤ ጸሐፊው «ማንኛውም ዓይነት» ብሎ ጥበቃውን ያለፈባቸውን ቦታዎችም ይቁጠሩ።

ፈንክሽናል አጻጻፍ፣ አንድ ጊዜ የተሠራ መረጃ በቦታው እንዳይለወጥ ስለሚያደርግ፣ ያለፈውን ወር እንደገና ለማተም ለሚጠይቁ ለውጦች ይመቻል። በአንጻሩ አሥር ፈንክሽን የተቀጠለበት ረጅም ሰንሰለት መሃል ላይ የተሳሳተ ቁጥር ሲወጣ፣ ያልለመደ ሰው የት ላይ ቆሞ እንደሚያይ ይቸገራል። ለሙከራው አንድ ስህተት ሆን ብሎ መሃል ላይ መትከልና ፍለጋውን መመልከት በቂ ነው።

አስፔክት ተኮር አጻጻፍ ረዘም ያለ ምርመራ ይገባዋል፤ የቀረበው በቀጥታ ለጥገና መልስ ሆኖ ነውና። እነ ግሬጎር ኪክዛሌስ በዜሮክስ ፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ሆነው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲያስተዋውቁት፣ ሐሳቡ በብዙ ክፍሎች ላይ የተበተነን ጉዳይ፣ እንደ ክትትል መዝገብ ወይም እንደ ፈቃድ ማረጋገጫ ያለውን፣ በአንድ ቦታ ጽፎ በሌሎቹ ላይ ከውጪ ማሳረፍ ነበር። የስም ፊደላትን የማመሳሰል ጥያቄ ለዚህ የተመቸ ይመስላል፤ አንድ አስፔክት ተጽፎ ስም በሚቀበሉ ሜተዶች (በክላስ ውስጥ ባሉ ፈንክሽኖች) ሁሉ ላይ ይሰፍናል፣ የሚነካውም ፋይል አንድ ብቻ ይሆናል። ይሁን እንጂ አስፔክቱ የሚያርፍበት ቦታ ብዙ ጊዜ የሚገለጸው በሜተዱ ስም ነው። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሠራተኛ «ስም ፈልግ» የነበረውን ሜተድ «ሠራተኛ ፈልግ» ብሎ ቢቀይረው፣ አስፔክቱ ከዚያ ሜተድ ላይ ይነሣል፤ የስህተት መልእክት ላይመጣ ይችላል፣ ፕሮግራሙም መሥራቱን ይቀጥላል፣ «ኃይሉ» የተባለው ሠራተኛ ብቻ «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም። ጃቫ ላይ ስፕሪንግ የተባለውን የፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፍ ለሚጠቀሙም ተጨማሪ ወጥመድ አለ፤ በተለመደው አሠራሩ አንድ ሜተድ በዚያው ክላስ ያለውን ሌላ ሜተድ ሲጠራ ጥሪው በመሃል ባለው ወኪል በኩል ስለማያልፍ አስፔክቱ አይሠራበትም። ስለዚህ ይህን ስልት ሲመዝኑ የለውጡን ቅለት ብቻ አይለኩ፤ አስፔክት መኖሩን ለማያውቅ ሰው የስም ለውጥ ሥራ ይስጡና ምን እንደሚሆን ይመልከቱ።

ወደ ትናንሽ አገልግሎቶች ስለመከፋፈል ብዙ ማለት አያስፈልግም። በአንድ ቢሮ ጥግ ላይ ባለ አንድ ሰርቨር ለሚሠራ የፋብሪካ ፕሮግራም፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ የትኛው አገልግሎት ቀድሞ መነሣት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ማስፈለጉ ብቻውን ስልቱ እንደማያዋጣ ያሳያል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት የተጻፈን ኮድ ለመመዘን ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ይገባል፤ ረዳቱ የጻፈው ኮድ በሰው ሲጠገን እንዴት ነው፣ ነባሩ ኮድስ በረዳቱ ሲጠገን እንዴት ነው? ለመጀመሪያው፣ ያንኑ ስሌት በየፋይሉ እየደገመ ጽፎ እንደሆነ በግብር ለውጡ ይፈትኑት። ለሁለተኛው የተሻለው ፈተና የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ጳጉሜን ረስቶ ዓመቱን በአሥራ ሁለት ወር የከፈለ፣ ወይም የበጀት ዓመቱን ከሐምሌ 1 ሳይሆን ከጃንዋሪ ያስጀመረ እንደሆነ ውጤቱን በእጅ ያመሳክሩ። ለምን እንዲህ እንደተጻፈ የሚያስረዳ ሰው ከሌለ፣ ያ ኮድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጸሐፊው የለቀቀ ኮድ ሆኖ ይቆጠር።

ኢንተርኔት አጥፍቶ መሞከር

ከተማው ጫፍ ላይ ለሚሠራ ቡድን ይህ የግድ ነው። አንድ ለውጥ መርጠው፣ ላፕቶፑን ከኔትወርክ አላቅቀው፣ በደንበኛው ግቢ ውስጥ እንዳሉ ሆነው ከጥያቄ እስከ ግንባታ ይሥሩት። አዲሱ ስልት ፕሮግራሙን ለመገንባት ብቻ ከውጪ ብዙ ጥቅሎችን (ሌሎች የጻፏቸውን ዝግጁ የኮድ ክፍሎች) የሚያወርድ ከሆነ፣ ዱከም ላይ በሞባይል ዳታ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። ጥቅሎቹን አስቀድሞ በራስ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ያ ሥራም ግን በስልቱ ዋጋ ላይ ይደመር።

ከዚሁ ጋር የስልቱ ዕድሜ ይታይ። ፓይተን 2 የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ተቋርጧል፣ አንጉላር ጄኤስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ደግሞ በ2021 መጨረሻ። በእነዚህ የተጻፈ ፕሮግራም የሚሠራው ቀድሞ የሠራውን ያህል ነው፤ ሆኖም የጸጥታ ማሻሻያ አይደርሰውም፣ የሚያውቀው ሰውም እያነሰ ይሄዳል። በአካባቢው የሚመረቁት ወጣቶች በአብዛኛው የሚመጡት ጃቫ፣ ሲ ሻርፕ ወይም ፒኤችፒ ተምረው ከሆነ፣ ሌላ ነገር ለማስተማር የሚፈጀው ጊዜ የጥገናው አንድ ወጪ ነው።

ሁለተኛው ዙርና ውሳኔው

ንጹሕ ኮድ ላይ የተደረገ የመጀመሪያ ለውጥ ሁልጊዜ ያማረ ነው። ሜየር ሌማን እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ባቀረባቸው የሶፍትዌር ዝግመተ ለውጥ ሕጎች፣ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ያለማቋረጥ እንደሚለወጥና ለመከላከል ካልተሠራ በቀር ውስብስብነቱ እየጨመረ እንደሚሄድ አመልክቷል። ስለዚህ ለውጦቹን እያንዳንዳቸውን በንጹሕ ኮድ ላይ ከመሞከር ይልቅ አንዱን በአንዱ ላይ ይደራርቡ፤ ክፍለ ከተማው ከተጨመረ በኋላ ሸገር ይግባ፣ ከዚያ ላይ የስም ፍለጋው፣ ከዚያ ላይ ግብሩ። የመጨረሻው ለውጥ ከመጀመሪያው ምን ያህል እንደከበደ ማየት ስልቱ እንዴት እንደሚያረጅ ያሳያል፤ ለእኔ ከሁሉም ቁጥሮች ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ምን ዓይነት ውጤት ምን ያስወስናል የሚለውን ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ጽፈው ያስቀምጡ፤ ለምሳሌ በክፍያ ቀን የሚታወቁ የተረሱ ቦታዎች ካልቀነሱ ወደ አዲሱ አንሄድም ብሎ መወሰን ይቻላል። ውሳኔው ስለ መላው ፕሮግራም መሆን አይኖርበትም። የግብር ስሌቱና የአድራሻ መዝገቡ በአዲሱ ስልት በግልጽ ተሻሽለው፣ የኅትመቱና የሪፖርቱ ክፍል ግን ልዩነት ላያሳይ ይችላል፤ ያኔ የሚዛወሩት ሁለቱ ብቻ ይሆናሉ። ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ የሆነ ፕሮግራም የራሱ የጥገና ሸክም ስላለው፣ ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ አንድ ብቻ ያድርጉት፣ በዚያ በኩል የሚያልፈውን መረጃ በሁለቱም ወገን የሚያመሳክር ፍተሻ ይጻፉለት፤ የ10,000 ብሩ ደመወዝ በዚያ በር ሲያልፍ በሁለቱም ሠንጠረዥ ትክክለኛውን ግብር ማውጣቱ የመጀመሪያው ፍተሻ ይሁን። ለምዘናው የተሰበሰበው የለውጥ ዝርዝርም ከነቀኑ፣ ከነጠያቂው ክፍልና ከተነኩት ፋይሎች ጋር ከኮዱ ጋር በአንድ ማኅደር ይቀመጥና፣ በቴሌግራም የሚመጣው እያንዳንዱ አዲስ ጥያቄ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እዚያ ይመዝገብ።